ስለ ሦስቱ ቀንና ስለ ሃያ ስምንቱ ቀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረው የደብረ ታቦር በዓል ለሁላችሁም የታወቀ ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ያለችው ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚያው ቅዱስ ተራራ ነው። ስለ በዓሉ ሲሰበክ የሚበዛው ነገር ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ሙሴና ስለ ኤልያስ ነው፤ ይህም የሚገባ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ከብርሃኑ በኋላ የሆነውን ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በተራራው ላይ መኖርን መልካም ሆኖ ስላገኘው ሦስት ዳስ ለመሥራት አሰበ። ጌታችን ግን በዚያ አልቈየም፤ በማግሥቱ ወረደ። ከተራራውም ግርጌ አንድ አባት፣ ደዌው በእሳትና በውኃ የሚጥለውን አንድ ልጁን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ቅዱስ ማርቆስ እንደ ጻፈልን፣ በዚያች ሰዓት ጻፎች ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ይከራከሩ ነበር። አስተውሉ፤ ልጁ በደዌው እየተሠቃየ ሳለ፣ አዋቂ የተባሉት ይከራከሩ ነበር።

በዛሬው ስብከታችን የምንናገርበት ጕዳይ ይህን ክርክር ይመስላል። ይኸውም ሰው ኤች አይ ቪ ወደሚባለው ቫይረስ የሚያደርስ አደጋ ባገኘው ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። ይህን የሚሰሙ ልጆች ከጎናችሁ ቢኖሩ አታስወጧቸው፤ ለእነርሱም ይጠቅማቸዋልና።

አስቀድመን የራሳችንን በደል እንናገራለን። ከጉና ተራራ የሚነሣው የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ሲወርድ፣ በደራ ወረዳ ወንዛዬ የምትባል ስፍራ አለች። በወንዙ ዳር ፍል ውኃ ይፈልቅባታል። ቍርጥማት ያለበት፣ ቈዳው የታመመ፣ ወገቡ የከበደው ሁሉ ስንቁን ይዞ ወደዚያ ይወርዳል፤ ከእንፋሎቱ አጠገብም ጋቢ ለብሶ የሚጸልይ ሽማግሌ፣ ልጇን የምታጥብ እናት፣ ዱላውን የተደገፈ ገበሬ አይጠፋም። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር ለእግራችን ሕመም በዚያ ሰንብተን ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ጐልማሳ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ጎንደር ከተማ እንዳደረና በዚያች ሌሊት እንደ ሳተ ነገረን። የሳተው ትናንት ማታ ነበር። እርሱም የሚያስፈራውን በሽታ በስሙ አልጠራውም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ይህን የነገረን ለንስሓ በሚገባው ሥርዓት ሳይሆን በምክር መንገድ ነበርና፣ ዛሬ የምንናገረውም እርሱ ራሱ ለሌሎች ይጠቅም ዘንድ ተናገሩት ስላለን ነው፤ ይህ ባይሆን ኖሮ አፋችንን ባልከፈትን ነበር።

ምን መለስንለት? ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቅ፣ ጹም፣ ስገድ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናያለን አልነው። ቃላችን ክፉ አልነበረም፤ ጾሙም ስግደቱም የሚገባ ነው። ነገር ግን በዚያች ቀን ከዚያ ከተቀመጥንበት ተነሥቶ ወደ ሐሙሲት ወይም ወደ ወረታ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ኖሮ፣ ቫይረሱ በሰውነቱ ውስጥ ሥር ከመስደዱ በፊት የሚያግድ መድኃኒት ያለ ዋጋ በተሰጠው ነበር። እኛ ይህን አላወቅንም ነበር። አለማወቃችን ግን ሰዓቱን አላቆመውም። ሰባቱን ቀን በታማኝነት ፈጸመ። ከወራት በኋላ ሲመረመር ቫይረሱ በደሙ ተገኘ። መድኃኒቱን ቢጀምር ኖሮ በርግጥ ይድን ነበር ብለን መማል አንችልም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። የተከፈተውን በር ግን እኛ ደገፍ ብለን እንደ ዘጋነው አንክድም።

እንግዲህ ይህ በር ምንድን ነው? ይህ ቫይረስ ወደ ሰው ሰውነት ከገባ በኋላ ወዲያው ሰውነቱን ሁሉ አይወርስም። በገባበት ስፍራ ባሉት ጥቂት ሕዋሳት ውስጥ ይባዛል፤ ከዚያም ወደ ዕጢዎች፣ ከዕጢዎችም ወደ ደም ይሻገራል። ይህን ለማድረግ ጥቂት ቀኖች ያስፈልጉታል። አንድ ጊዜ በሕዋሳት ውስጥ ተሰውሮ ከተቀመጠ በኋላ ግን ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች ኃይሉን ያደክሙታል እንጂ ነቅለው አያወጡትም። በዘሪና በአረም ምሳሌ ብንናገር፣ የሳር ዘር በእርሻ ላይ በወደቀበት ቀን በእጅ ይለቀማል፤ ሥር ሰድዶ እርሻውን ከሸፈነ በኋላ ግን በየክረምቱ ማረም ይሆናል። በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ፔፕ የሚባለው፣ ከአደጋው በኋላ የሚወሰደው መከላከያ፣ ዘሩን ሳይበቅል መልቀም ነው።

ስለዚህም ሕጉ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ አደጋው ከደረሰ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ይህም ማለት ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት የሆነ ነገር ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በሩ ይዘጋበታል። ነገር ግን እስከ 72 ሰዓት ድረስ ተፈቅዷል ብሎ መቈየት ስሕተት ነው፤ በ2 ሰዓት ውስጥ የጀመረ በ20 ሰዓት ከጀመረው፣ በ20 ሰዓት የጀመረውም በ60 ሰዓት ከጀመረው ይሻላል። ከተጀመረም በኋላ በየቀኑ ሳይቋረጥ 28 ቀን ይወሰዳል። ይህ በግምት የተባለ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. በታተመ ምርምር ከሰው ቫይረስ ጋር ዘመድ የሆነ ቫይረስ ለዝንጀሮዎች ከተሰጠ በኋላ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ጀምረው 28 ቀን መድኃኒት የወሰዱት ሁሉም ተጠብቀዋል፤ ዘግይተው የጀመሩት ወይም ቀኑ ያጠረባቸው ግን ሁሉም አልተጠበቁም። በዚያው በ1990 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ መርፌ ስለ ወጋቸው የጤና ሠራተኞች የወጣ ጥናት፣ ዚዶቩዲን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ላይ አደጋው ከ100 እጅ 81 ያህል እንደ ቀነሰ አሳይቷል። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በአገራችን የሚሰጠው ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት ሲሆኑ፣ ስማቸውም ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉተግራቪር ነው። ሦስቱም በአንድ ኪኒን ውስጥ ተጠቃለው በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣሉ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፣ ይህ የሐኪም ነገር በስብከት ውስጥ ለምን ገባ? የሚል ይኖር ይሆናል። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ። ፊቱንም ወደ ግድግዳው መልሶ ጸለየ፣ አለቀሰም። እግዚአብሔርም ጸሎቱን እንደ ሰማ፣ በሦስተኛውም ቀን ወደ ቤተ መቅደስ እንደሚወጣ፣ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት በነቢዩ በኢሳይያስ በኩል ላከለት። ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስላል፤ ተስፋው ተሰጥቷልና። ነቢዩ ግን በዚያው ቃል ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ ብሎ በቍስሉ ላይ አስደረገለት። ተስፋውን ያመጣው አፍ መድኃኒቱን አዘዘ። ሕዝቅያስም እምነት ካለኝ በለሱ ለምን አስፈለገ ብሎ አልመለሰውም። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪሙንም ከምድር የሚወጣውንም መድኃኒት የፈጠረ እግዚአብሔር ራሱ እንደ ሆነ ያስተምረናል፤ በታመምህ ጊዜ መጀመሪያ ጸልይ፣ ቀጥሎም ለሐኪሙ ስፍራ ስጠው የሚል ሥርዓት በዚያ ይገኛል። ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር፤ ወንጌል ሲጽፍ ሐኪምነቱን ክዶ የጻፈ አይደለም።

በአገራችንም ይህ ክርክር ያለ ፍርድ የቀረ አይደለም። በሽታው በኢትዮጵያ መኖሩ በምርመራ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. በተቀመጠ ደም ነው፤ በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ተገኙ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ በየሰፈሩ ድንኳን ሳይነቀል ሌላ ድንኳን ይተከል ነበር። መድኃኒቱ በጥር ወር 1997 ዓ.ም. ያለ ዋጋ መሰጠት ሲጀመር፣ ብዙ ሕሙማን ወደ እንጦጦና ወደ ሌሎች ጠበሎች ሲወጡ ኪኒናቸውን ይጥሉ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ያን ጊዜ የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ በ2004 ዓ.ም. ያረፉት፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ፣ አንዱም ሌላውን እንደማይቃወም፣ መድኃኒቱን መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በግልጥ አስታወቁ። ይህ ከተነገረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ይሁን እንጂ በጠበል ስፍራ ዛሬም ኪኒንህን ጣል የሚል ሰው ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ሰው ከአባቶች ትምህርት ውጭ እንደ ሆነ ዕወቁበት።

አደጋው በምን በምን ይመጣል? በመጀመሪያ በሩካቤ ነው። ቀጥሎም በደም ነው። ለሕሙማን መርፌ ስትወጋ እጇ የተወጋ ነርስ፣ በቤት ውስጥ የምታዋልድ እናት የቈሰለ እጇ በደም ቢነከር፣ ዋግምት የሚያደርግ ሰው በአንድ ምላጭ ሁለት ሰው ቢበጣ፣ እነዚህ ሁሉ አደጋ ናቸው። በቫይረሱ በተበከለ መርፌ የተወጉ ሰዎች፣ መድኃኒት ካልወሰዱ፣ በ1,000 ጊዜ ውስጥ 3 ጊዜ ያህል ይያዛሉ። ቍጥሩ ጥቂት ነውና አትደንግጡ፤ ከ3ቱ አንዱ መሆን ግን ለዚያ ሰው ጥቂት አይደለምና ቸል አትበሉ። መርፌ ወይም ምላጭ የወጋው ሰው ስፍራውን በውኃና በሳሙና ይጠበው፤ ደሙን ለማውጣት አይጭመቀው፣ በረኪናም ሆነ ሌላ የሚያቃጥል ነገር አያፍስስበት። ደም ወደ ዐይኑ የገባበትም በብዙ ንጹሕ ውኃ ይጠበው። ከዚያም ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በሌላ በኩል አደጋ ያልሆነውን አደጋ አድርጋችሁ ወንድማችሁን አታርቁ። በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በመሳሳም፣ አንዱን መስቀል በመሳለም፣ ከአንዱ ጽዋ ክቡር ደሙን በመቀበል፣ በወንዛዬ በአንድ ፍል ውኃ በመታጠብ ይህ ቫይረስ አይተላለፍም። እንዲያውም መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በሩካቤ እንኳ ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህን ስንሰማ እኛም መጀመሪያ ተጠራጥረን ነበር፤ ነገር ግን በብዙ ባልና ሚስት ላይ ለዓመታት ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው።

አሁን ልንናገረው የምንፈራው ነገር ላይ ደርሰናል። በሳሙኤል ካልዕ የተጻፈውን የትዕማርን ታሪክ ታውቃላችሁ። ወንድሟ አምኖን በግፍ ደፈራት። እርሷ አመድ በራሷ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀዳ፣ እየጮኸች ሄደች። ሌላው ወንድሟ አቤሴሎም ግን ዝም በዪ አላት። እርሷም በወንድሟ ቤት ብቻዋን ተቀመጠች። አቤሴሎም የእኅቱን ጠላት ይጠላ እንደ ነበር መጽሐፍ ይመሰክራል፤ ሆኖም ያደረገላት የመጀመሪያ ነገር አፏን ማዘጋት ነበር። በየመንደራችን ይህ ሲሆን አይተናል። ልጅቱ ከውኃ ስትመለስ ወይም ከትምህርት ቤት ስትወጣ ትደፈራለች፤ እናት ታለቅሳለች፤ አባት ጠመንጃ ያነሣል፤ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ይታረቃል፣ ካሣ ይቈረጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ሦስት ቀን ያልፋል። ልጅቱን ወደ ሐኪም የወሰዳት ሰው የለም፤ ስሟ እንዳይጠፋ ብለው ነውና። ወገኖቻችን ሆይ! ስሟን ልታድኑ ብላችሁ ሰውነቷን አትጣሉት። የሽምግልናውም የፍርድ ቤቱም ነገር ከሐኪሙ በኋላ ይሆናል። የፖሊስ ወረቀት እስኪመጣ ብላችሁም አትጠብቁ፤ መጀመሪያ ትታከም። ሳትታጠብና ልብስ ሳትለውጥ ብትደርስ ለፍርዱ ማስረጃ ይጠቅማል፤ ታጥባ ከሆነም አትቅር፣ ትሂድ። በዚያ ከዚህ መከላከያ ጋር ሌሎች በሩካቤ የሚመጡ ደዌዎችን የሚከላከል ሕክምናና ምክርም ታገኛለች። በእርሷ ላይ የሚነቀፍ ምንም ነገር የለምና፣ ካህን የሆንን ሁሉ ይህን በአፋችን ሞልተን ልንነግራት ይገባናል።

ስለ ሰንበት የሚጠይቁም አሉ። አደጋው ዓርብ ማታ ሆኖ ቅዳሜና እሑድ ቢከተል ምን ይደረግ? በደብረ ታቦርም ሆነ በባሕር ዳር የሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል በሰንበትም በበዓልም ይሠራል። ጌታችን በሰንበት ሲፈውስ የተቃወሙትን፣ በጕድጓድ የወደቀውን በሬያችሁን በሰንበት አታወጡትምን? ብሎ ጠይቋቸው መልስ አላገኙም። ቅዳሴው የማያመልጥ እንደ ሆነ ሌላ እሑድ ይመጣል፤ ያቺ ሰዓት ግን አትመለስም።

በጤና ጣቢያው ምን እንደሚደረግ ማወቅ ፍርሃትን ይቀንሳል። ባለሙያው ምን እንደ ሆነና መቼ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ሰዓቱን በትክክል ተናገሩ። ደም ይመረመራል፤ ይህ የመጀመሪያው ምርመራ ሰውዬው ከአደጋው በፊት ቫይረሱ እንደ ነበረበትና እንዳልነበረበት ለማወቅ ነው እንጂ፣ ስለ ትናንትናው አይናገርም። ቀድሞ የነበረበት ሆኖ ቢገኝ ሕክምናው የ28 ቀን ሳይሆን የዕድሜ ልክ ይሆናል። ያልነበረበት ኪኒኑን ይጀምራል፤ ከዚያም በ6 ሳምንትና በ3 ወር ይመረመራል። ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ኪኒን ተበድሮ መዋጥ ግን አይገባም፤ ያኛው ያቋርጣል፣ ይህኛውም መጠኑን ሳያውቅ ይውጣል፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። ጤና ኬላው መድኃኒቱ ባይኖረው እንኳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወዴት እንደሚኬድ ታውቃለች።

በጾም ወራት ይህ ነገር ለብዙዎች ያስቸግራቸዋል። የመጀመሪያው ኪኒን በተሰጠበት ሰዓት ይዋጥ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቈይ አይባልም፤ ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያን በጾም አታስጨንቅምና። ኪኒኑ በቀን አንድ ጊዜ ስለ ሆነ፣ በምግብም ያለ ምግብም ስለሚዋጥ፣ የቀጣዮቹን ቀኖች ሰዓት ከባለሙያው ጋር ተማክሮ ወደ ማታ ማድረግ ይቻላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚውጥ ሰው ጾሙን አይሽርም። በጠበል መዋጥ የሚወድም በጠበል ይዋጠው፤ እኛ ይህን ባርከን እናሰናብታለን። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን የምትወስድ ነፍሰ ጡር፣ የጨጓራ መድኃኒትም የሚወስድ ሰው ይህንኑ ለባለሙያው ይንገር፤ እነዚህ ከዶሉተግራቪር ጋር በአንድነት ሲዋጡ ኃይሉን ይቀንሱታልና።

ከሦስቱ ቀን ይልቅ ሃያ ስምንቱ ቀን ይከብዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣትም ሊኖር ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት ሰውዬው ደኅና እንደ ሆነ ይሰማዋል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡትም ያን ጊዜ ነው። ሌሊት ደግሞ ኅሊና ይወቅሳል። ኃጢአት የሠራ እንደ ሆነ ንስሓ ይግባ፤ ነገር ግን ኪኒኑን በመተው ራሱን ሊቀጣ የሚያስብ ሰው አለና፣ ይህ ንስሓ አይደለም። ቀኖናን የሚሰጥ የንስሓ አባት ነው፤ በሽታ ቀኖና ሆኖ በማንም ላይ አልታዘዘም። ባለ ትዳሮች የመጨረሻው ምርመራ እስኪያልቅ ድረስ በሱባኤ እንዳሉ ሆነው ከሩካቤ ይታቀቡ፤ ይህ የማይሆንላቸውም ባለሙያው የሚነግራቸውን መከላከያ ይጠቀሙ። ለትዳር ጓደኛ እውነቱን መናገር ከኪኒኑ ሁሉ የመረረ ነው፤ እናውቃለን። ብቻውን የማይችለው የንስሓ አባቱን ይዞ ይናገር።

ያ በወንዛዬ የተቀመጠው ጐልማሳ ዛሬ በሕይወት አለ። መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳል፤ በምርመራም ቫይረሱ በደሙ አይታይም። ሚስት አግብቷል፤ የወለዱት ልጅም ንጹሕ ነው። እኛን ይቅር ብሎናል፤ ይቅር ያለንም እኛ ከመጠየቃችን በፊት ነው። በየዓመቱ ኅዳር ሲብት፣ ከመተማና ከሑመራ የአጨዳ ሠራተኞች በሚመለሱበት ጊዜ፣ ስንቁን ይዞ ወደ ፍል ውኃው ይወርዳል። ለወገቡ ነው ይላል፤ እኛ ግን ሲያደርግ የምናየውን እናያለን። ብቻውን ተክዞ የተቀመጠ ወጣት ባየ ጊዜ ከጎኑ ይቀመጣል፤ ምን ሆንህ ብሎ አይጠይቀውም፤ ከሆነ ስንት ሰዓት ሆነው? ብሎ ብቻ ይጠይቀዋል። ወጣቱም ከነገረው፣ ጥላውን አንሥቶ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ አብሮት ይወጣል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።